በቁም የተፈተነው ፍራሽ

አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተኙት በመደብ ላይ በተነጠፈ የበሬ ቁርበት ላይ ነበር። ይህን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ግን በዚያው እርግጠኝነት ልናገር አልደፍርም። ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት የታችኞቹን ክፍሎች ማስተማር የጀመርኩበት ወቅት ስለነበረ ዘመኑን በግምት አውቀዋለሁ። ዓመቱን ቁርጥ አድርጌ ብጽፈው ግን ታናሽ እኅቴ አንብባ እንደምታርመኝ ስለማውቅ፣ ለሁለታችንም ሰላም ስል ትቼዋለሁ።

አባቴ የቁስቋም ደብር የአቋቋም መምህር ነበሩ። በንግሥ በዓል ዋዜማ ካህናቱና ደብተራዎቹ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ በዜማና በዝማሜ፣ ማለትም ከዜማው ጋር በመቋሚያ እየተወዛወዙ፣ የሚያድሩበትን የማኅሌት ሥርዓት የሚያስተምሩት እርሳቸው ነበሩ። በማኅሌቱም የቀኙን ወገን ይመሩ ነበር። የግራውን ወገን የሚመሩት ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ አብረዋቸው የተማሩ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁለቱ እንደ ወንድማማች ይዋደዱ ነበር፤ እንደ ወንድማማችም ይነካከሱ ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምት አባቴን ወገባቸውን ያዛቸው። ቤታችን በቁስቋም ኮረብታ ጥግ ላይ ስለነበረ ከነሐሴ ጀምሮ ከመደቡ ውስጥ ቅዝቃዜ ይወጣል፤ ቁርበቱም ያንን ቅዝቃዜ ተቀብሎ ለጎናቸው ያስረክባል። ጠዋት ሲነሡ እናቴ በአንድ ክንዳቸው፣ እኔ በሌላው እንይዛቸው ነበር። ከተነሡም በኋላ ቀና እስኪሉ ድረስ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግመው ይጨርሳሉ። ይህን ስል ሳላጋንን አልቀረሁም፤ እኩሌታውን ግን ይደግሙ እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ።

የሚያስጨንቃቸው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ኅዳር ስድስት ቀን የቁስቋም ንግሥ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት የጽጌ ጾም ሳምንታትም በየእሑዱ ዋዜማ ማኅሌት ይቆማል። ወገቡን ማቅናት ያልቻለ መሪ ቦታውን ለሌላ ይለቅና ከግድግዳው ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣል። አባቴ የዚያን ዓመት ንግሥ ተቀምጠው ካሳለፉት ቀኙን ወገን ዳግመኛ እንደማይመሩ በልባቸው ቆርጠው ነበር። ይህን ለእኛ አልነገሩንም፤ የነገሩን የቅኔው መምህር ናቸው፣ ያውም በቀልድ መልክ፣ ሊጠይቋቸው በመጡ ቁጥር።

«ካልቻልህ ግዴለም፣ ቀኙን እኔ እይዝልሃለሁ» ይላሉ። «ከግራ ወደ ቀኝ መሻገር ለእኔ ምንም አይደለም፣ ጉልበቴ ደኅና ነው።»

«ጉልበትህስ ደኅና ነው» ይላሉ አባቴ በቁርበታቸው ላይ እንደተጋደሙ። «የታመመው ድምፅህ ነው።»

መስከረም ሲጋመስ አባቴን ለምኜ ወደ ሕክምና ቤት ወሰድኳቸው። የተቀበለን ወጣት የሕክምና ረዳት ወገባቸውን ተጭኖ፣ አጎንብሰው ቀና እንዲሉ ጠይቆ፣ በመጨረሻ በምን ላይ እንደሚተኙ ጠየቃቸው።

«በቁርበት» አሉ።

«ቁርበቱን ያንሡና ፍራሽ ያድርጉ።»

«ፍራሽ በሽተኛ የሚተኛበት ነው።»

«ታዲያ አባቴ፣ እኔ ዘንድ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

አባቴ መቋሚያቸውን አንሥተው የቤታችንን መንገድ ያዙ። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ግን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እንግዲህ ፍራሽ ይገዛ» አሉ።

ማን ይግዛ የሚለው ግን ክርክር አስነሣ። እናቴ «የፊታችን ቅዳሜ እኔ እወጣለሁ» ብትል አባቴ እንቢ አሉ። መጽሐፋቸውን ሲያስጽፉ ብራናውን በፀሐይ ላይ ዘርግተው የመረጡት ራሳቸው ነበሩ፤ ለደብሩ ከበሮ ሲገዛም ጆሯቸውን አስጠግተው የመረጡት ራሳቸው ነበሩ። ጎናቸውን የሚያሳርፉበትን ነገር ሌላ ሰው ሊመርጥላቸው እንዴት ይሆናል? ችግሩ ግን አባቴ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው የማያውቁ መሆናቸው ነበር። ቀዳሚት ሰንበትን አጥብቀው ስለሚያከብሩ በዚያች ቀን አይሸጡም፣ አይገዙም።

«ሰንበቷስ?» አለቻቸው እናቴ።

«ለሕመም የሚደረግ ነገር ንግድ አይባልም።»

«እንግዲያው ንግዱን ለእኔ ይተዉልኝና ሕመሙን እርስዎ ይያዙ።»

አልሆነም። እናቴም ነገሩን ትታ ምክሯን ብቻ ሰጠችን። ከስፌቱ በኩል ጥቂት መዘዝ አድርጋችሁ አሽትቱት፣ እርጥብ ከሸተተ ተዉት፤ የተመዘዘውን በእሳት አስነኩት፣ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ እውነተኛ የበግ ጠጉር ነው፣ አለች። እኔ በበኩሌ አዳሪ ትምህርት ቤት በነበርኩበት ጊዜ በፍራሽ ላይ የተኛሁ ስለሆነ በቤቱ ውስጥ ራሴን ባለሙያ አድርጌ እቆጥር ነበር። በጡጫ ተጭኜ እንደሚነሣና እንደማይነሣ አያለሁ፣ ስፌቱን እመረምራለሁ፣ አልኩ። አባቴ ሁለታችንንም አዳመጡን። እርሳቸው በምን እንደሚፈትኑት ግን አልተናገሩም።

ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሆነን ወረድን። የቅኔው መምህር ሳይጠሩ መጥተው ነበር፤ «ደብተራ ፍራሽ ሲገዛ አይቼ አላውቅም፣ ይህማ አያምልጠኝ» ብለው። አባቴ መንገዱን የጨረሱት መቋሚያቸውን በአንድ እጃቸው፣ የእኔን ትከሻ በሌላው ይዘው ነበር።

ፍራሽ የሚሸጠው የባና ብርድ ልብስና አጎዛ ከሚሸጡት አጠገብ ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኛል። መጀመሪያ ያገኘነው ሻጭ ጭድ የተሞላ ፍራሽ ይዟል። አዲስ ነው፤ አቡጀዲው ነጭ፣ ስፌቱም የሚያምር ነበር። እኔ ተጎንብሼ ስፌቱን ስመረምር አባቴ ጫማቸውን አወለቁ። ቤተ ክርስቲያን እንደሚገቡ ሁሉ ጫማቸውን ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡና፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ በፍራሹ ላይ ወጥተው ቆሙ። ሻጩ አፉን ከፍቶ ቀረ። አባቴ ቀና ብለው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር ቀስ ብለው ተወዛወዙ፤ ጭዱ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ይንኮሻኮሻል።

«ይህ በተገላበጥኩ ቁጥር እንደ ተቀባይ ይመልሳል» አሉ ሲወርዱ። «ለብቻዬ መጸለይ ያቅተኛል።»

ሁለተኛው፣ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ዕቃ የመጣ የወታደር ፍራሽ ነበር። ጥጡ በውስጡ ተጓጉሎ ስለነበረ አባቴ በወጡበት ጊዜ አንዱ እግራቸው ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አለ። የቅኔው መምህር አይተው፣ «እንደ ስሜን መንገድ ነው፣ ውረድ» አሏቸው። በዚህ ጊዜ ከኋላችን ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ጥምጥም የጠመጠመ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ የተከበረ ሰው በባዶ እግሩ ከፍራሽ ፍራሽ እየተሸጋገረ ሲቆም ገበያው በየቀኑ አያይም።

ሦስተኛዋ ሻጭ ከወገራ የመጣች ሴት ነበረች። የምትሸጠው የበግ ጠጉር ፍራሽ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ የተነፋ ይመስላል። እርሷ ራሷ አንድ የወየበ ሸራ በለበሰ አሮጌ ነገር ላይ ተቀምጣ፣ አላፊ አግዳሚውን ትጠራ ነበር። እኔ ቀድሜ አዲሱን በጡጫዬ ተጫንኩት። ጡጫዬን ሳነሣ ቀስ ብሎ ተነሣ። ደግሜ ተጫንኩት።

«ወንድሜ፣ እንደ ሊጥ አታቡካው፣ አይጋገርም» አለች።

ጠጉሩን መዝዤ አሸተትኩት፤ ደረቅ ነው። እናቴ እንዳለችው አንዲት ክር ያህል በክብሪት አስነካሁ፤ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። በእኔ ዘንድ ነገሩ አልቆ ነበር። አባቴ ግን ጫማቸውን አውልቀው ወጡበት፤ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ሰጠሙ። መቋሚያቸው ባይኖር ኖሮ ይወድቁ ነበር።

«ይህ ሰው ይውጣል» አሉ።

«አያ መሪጌታ፣ ምነው ቆሙበት?» አለች ሴትዮዋ። «ሸጋ ፍራሽ ነው፣ ይተኙበታል እንጂ ይቆሙበታል እንዴ?»

«ሲቆሙበት ያልቻለ ሲተኙበት ይችላል?»

«ሰው ሲቆም በሁለት እግሩ ነው፣ ሲተኛ በመላ ገላው ነው። ጎንበስ ይበሉና ጋደም ብለው ይሞክሩት።»

«በገበያ መካከል?»

«ማን ያይዎታል? ገበያው ሁሉ ሲቆሙ አይቶ ጠግቧል።»

ሰዉ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቁም፤ ለእርሳቸው በገበያ መካከል መጋደም በመቅደስ ውስጥ ከመጋደም የማይሻል ነገር ነበር። በአደባባይ ጎኑን የሚያሳርፍ ወይ የሰከረ ነው ወይ የወደቀ ነው፤ የደብር መምህር ደግሞ ለሁለቱም አይታሰብም። ዛሬ ሳስበው የስሕተቱ ሁሉ ምንጭ ይህ ነበር። አባቴ በሕይወታቸው የነገርን ጽናት የሚያውቁት በመቆም ነው፤ ክብራቸውም ከመቆም በቀር ሌላ ፈተና አልፈቀደላቸውም።

«እኔ ልተኛልህ?» አሉ የቅኔው መምህር።

«አንተ ከተኛህ ማን ይቀሰቅስሃል?»

አባቴ ከአዲሱ ፍራሽ ሲወርዱ እግራቸው ያረፈው ሴትዮዋ በተቀመጠችበት አሮጌ ሸራ ጫፍ ላይ ነበር። እዚያው ቆሙ። ወደ ታች ተመለከቱ። ሌላውን እግራቸውን ጨመሩ፤ ሴትዮዋም ገፋ እያለች ቦታ ለቀቀችላቸው። ቀና አሉ፤ መቋሚያቸውን ከመሬት አነሡት። በወራት ውስጥ ያለ ድጋፍ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኅቴ ግን ቤታችን ውስጥም አንድ ጊዜ ቆመው ነበር ትላለች።

«ይህ ስንት ነው?» አሉ።

«የትኛው?»

«ይህ የቆምኩበት።»

«ይኸማ መቀመጫዬ ነው።»

«ፍራሽ አይደለም?»

«ነበር። እናቴ የሰፋችው ነው፤ ጠጉሩ የራሷ በጎች፣ ሸራው የጣሊያን ድንኳን። እርሷ ካረፈች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እቀመጥበታለሁ፣ ገዢ ይቀመጥበታል፣ አህያም ረግጦታል። አሁን ሞቷል።»

እዚህ ላይ ትዝታዬን በጣም እጠራጠራለሁ። አባቴ በዚህ ጊዜ፣ «ይህ ሁሉ ተቀምጦበት፣ አህያም ረግጦት፣ እንዴት እስከ ዛሬ አልተቀደደም?» ብለው የጠየቁ ይመስለኛል። ይህን በእርግጥ ብለውት ከሆነ ከሦስታችን አስተዋዩ እርሳቸው ነበሩ ማለት ነው። ነገር ግን የሆነውን ሁሉ ካየሁ በኋላ ጥያቄውን እኔው ለአባቴ ሰጥቻቸው ሊሆንም ይችላል፤ ልጅ ለአባቱ እንዲህ ያለ ስጦታ መስጠት ይወዳል። የቅኔውን መምህር በኋላ ብጠይቃቸው፣ «እኔ የሰማሁት ‹ስንት ነው› ሲል ብቻ ነው» አሉኝ። እርሳቸውም በበኩላቸው የአባቴን ብልኅነት ለማስታወስ የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም።

ሴትዮዋ አልሸጥም አለች። አባቴ ሌላ አልፈልግም አሉ።

«አያ መሪጌታ፣ ነገ ደብሩ ሁሉ ‹የሞተ ፍራሽ ሸጠችለት› ብሎ ስሜን እንዲያነሣው ነው?»

«እኔ ምስክር ነኝ» አሉ የቅኔው መምህር። «በገዛ እግሩ ነው የመረጠው።»

በመጨረሻ የሰዉ ሳቅና የአባቴ ግትርነት አሸነፏት። ከከፋቸው በማናቸውም ቅዳሜ እንዲመልሱትና አዲስ እንደምትሰጣቸው በሰዉ ፊት አስታወቀች። ፍራሹ ተጠቅልሎ በአህያ ላይ ሲጫን እርሷ ባዶ መሬት ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ዛሬ እንግዲህ ማኅሌት እንደቆምኩ እውላለሁ» አለች።

እናቴ ከደጃፉ ላይ ተቀበለችን። ሸራውን በጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷ አልገባም። በመዳፏ መታችው፤ አቧራ ወጣ።

«ይህን ከየት ቆፍራችሁ አወጣችሁት?»

«ቆምኩበት፣ ቻለኝ» አሉ አባቴ፤ ለእርሳቸው ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል።

ፍራሹ በመደቡ ላይ በቁርበቱ ፋንታ ተዘረጋ። ጠዋት እናቴ እንዴት እንዳደሩ ብትጠይቃቸው፣ «ደኅና ነው፣ ከቁርበቴ አይለይም» አሉ። ይህን የተናገሩት ለማመስገን ነበር። ሲነሡ ግን እንደ ወትሮው በሁለት ክንዳቸው ያዝናቸው።

የጽጌ ጾም ገባ። በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት አባቴ ከማኅሌት ሲመለሱ በአንድ በኩል መቋሚያቸው፣ በሌላው የቅኔው መምህር ደግፈዋቸው ነበር። ከደጃፉ ሲደርሱ የቅኔው መምህር አልቀለዱም፤ ያኔ ነው የፈራሁት። ወደ ጎን ወስደውኝ፣ «ዝማሜው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ» አሉኝ በዝቅታ። «የደብሩ አለቃ አይተዋል። እንዲህ ከቀጠለ ለንግሡ ሌላ ሰው ያስባሉ፣ እኔ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር ተፋጥጬ ማደር አልፈልግም።»

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ፍራሹን ወደ ወገራዋ ሴት እንመልሰው አልኩ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ አባቴ በሰው ፊት የመረጡትን በሰው ፊት እንደማይመልሱ ታውቃለች።

«ጠጉሩ እውነተኛ ነው አላልክም?»

«ከሴትዮዋ እናት በጎች የተሸለተ ነው ተብሏል።»

«እንግዲያው አልሞተም፣ ታፍኖ ነው» አለች።

በማግሥቱ አባቴ በደብሩ ደቀ መዛሙርቱን ሲያስተምሩ እንደሚውሉ ባወቅን ጊዜ እናቴ ስፌቱን ፈታች። እኔ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ቀርቼ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለዳይሬክተሩ ምን ብዬ እንደነገርኩት ግን ማስታወስ አልቻልኩም፣ እውነቱን ብነግረው ኖሮ የሚያምነኝ አይመስለኝም። ከሸራው የወጣው ጠጉር እንደ ደረቀ ኩበት ጠፍጣፋና ጠንካራ ሆኖ ነበር። በሁለት ጆንያ ከትተን ከእኅቴ ጋር ወደ ቀሐ ወንዝ ወረድን። እናቴ በእንዶድ አጠበችው፤ ውኃው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ነጣ። በቋጥኞቹ ላይ ዘረጋነው፤ የጥቅምት ፀሐይና ነፋስ ነበረ። ነፋሱ ጥቂቱን እያነሣ በየቁጥቋጦው ላይ ሲያንጠለጥለው እኅቴ እየሮጠች ትለቅም ነበር። ከደረቀ በኋላ እናቴና እኔ በቀጫጭን ዘንግ መታነው፤ በተመታ ቁጥር ይፈታታል፣ ያብጣል። ከወንዙ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ «እማሆይ፣ በግ ነው የምትደበድቡት?» ብለው ጠየቁን። እናቴ፣ «በጉማ ሄዷል፣ ካፖርቱን ነው» አለቻቸው።

ወደ ቤት ተመልሰን መልሰን መሙላት ስንጀምር ያላሰብነው ነገር ደረሰ፦ ጠጉሩ አልገባም አለ። በሁለት ጆንያ የሄደው ለመመለስ አራት ጆንያ የሚፈልግ ሆነ። ሸራው ሞልቶ፣ ተነፍቶ፣ ጠርዙ በግድ ተገጣጥሞ ሲሰፋ ገና ክምር ቀርቶ ነበር። ከእርሱ ትራስ ሠራን፤ ክምሩ አላለቀም። ሌላ ትራስ ሠራን። እኅቴ የቀረውን በቅርጫት ይዛ ወደ ጓዳ ሸሸች። ያ የድንኳን ሸራ ያን ሁሉ ግፊት ችሎ በአንድ ቦታ እንኳ አልተተረተረም። የፍራሽ ጽናት ማለት ምን እንደሆነ በዚያች ሰዓት ከየትኛውም ትምህርት ይልቅ ገባኝ፤ በጡጫዬ የተጫንኩት ያማረ አዲስ ፍራሽ ከዓመታት በኋላ ምን ይመስል እንደነበረ ማን ያውቃል? ይህኛው ግን ከመገዛቱ በፊት ዓመታቱን ጨርሶ የመጣ ነበር።

አባቴ ወደ ማታ መጡ። ጋቢያቸውን ሊያስቀምጡ ወደ መደቡ ሄደው ቆሙ።

«ፍራሼ የት አለ?»

«እርሱ ነው» አለች እናቴ።

«ይህ ያበጠ ነገር?»

«ሸራውን ይዩት።»

ሸራውን አዩ፤ አሮጌው ሸራ ነው። ጫማቸውን አወለቁ። እኔና እኅቴ ተያየን፤ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገብቶናል። በመደቡ ላይ ወጥተው ቆሙና ሰጠሙ፤ ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ፤ በመጨረሻ የቤቱን ምሰሶ ይዘው ቀሩ።

«ይህ ለመቆም አይሆንም» አሉ።

«ለመቆም ቤተ ክርስቲያን አለልዎ» አለች እናቴ። «ይህ ለመተኛት ነው።»

አባቴ ምሰሶውን እንደያዙ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ፤ ከዚያም፣ «እንግዲያው ለዛሬ ብቻ» ብለው በጎናቸው ጋደም አሉ። ጫማቸውን ማን እንዳነሣው አላስታውስም። የማስታውሰው ራት ሲቀርብ ያልተነሡ መሆናቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማሳጠር፣ ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። በሁለተኛው እሑድ አንድ ጊዜ ተቀመጡ። በሌላው እሑድ ይቀመጡ አይቀመጡ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ የቅኔው መምህር እንደገና መቀለድ መጀመራቸውን ግን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እኔም ከማናቸውም መድኃኒት በላይ ያመንኩት ያንን ነበር። ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ እኔ ከዚህ የማንሣት ሥራ ወጣሁ፤ ክንዳቸውን የምትይዘው እናቴ ብቻ ሆነች። ቀጥሎ እርሷም ወጣች።

የኅዳር ቁስቋም ዕለት ጠዋት እኔ ከሕዝቡ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባሁ። ማኅሌቱ ወደ ፍጻሜው ደርሶ ነበር። ከበሮው ፈጥኗል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል። አባቴ በቀኙ ወገን ራስ ላይ ቆመው ነበር፤ መቋሚያቸው ከዜማው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል እንጂ አልተደገፉበትም። ፊታቸው ከድካም የተነሣ ገርጥቷል፤ ወገባቸው ግን ቀጥ ብሎ ነበር። ከፊት ለፊታቸው የቅኔው መምህር ዓይናቸውን ከአባቴ ላይ ሳያነሡ ይዘምማሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰንፍ የሚጠብቁ ይመስላሉ። አንዳቸውም አልሰነፉም። ይህን ማየቴን አልጠራጠርም።

ቅዳሴው አልቆ፣ ታቦቱ ወጥቶ ከገባ በኋላ እንግዶች ወደ ቤታችን መጡ። የጽጌ ጾም የሚፈታበት ቀን ስለሆነ እናቴ ዶሮ አዘጋጅታ ነበር። አባቴ ከእንግዶቹ ጋር ገብተው፣ «ማዕዱ እስኪቀርብ ጎኔን ላሳርፍ» ብለው ከመጋረጃው ጀርባ ሄዱ። ማዕዱ ቀረበ፤ አባቴ አልመጡም። እናቴ መጋረጃውን ገልጣ አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው።

«ቀስቅሽው እንጂ» አሉ የቅኔው መምህር። «ማዕዱን የሚባርከው ማን ነው?»

«ቆመው ነው ያደሩት፣ ይተኙ።»

«እኔስ ተቀምጬ ነው ያደርኩት?»

«እርስዎን እንግዲህ ምን ላድርግዎ? መደቡ ተይዟል።»

የቅኔው መምህር ተነሥተው ማዕዱን ራሳቸው ባረኩ፤ ግን በሹክሹክታ። እንዲህ ያለ የተሾከሾከ ቡራኬ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። እንግዶቹም «አሜን» ያሉት በሹክሹክታ ነው። ቁርሳችንን እንደ ሌቦች በጸጥታ በላን። በመካከሉ ከመጋረጃው ጀርባ ረጅም፣ የጠለቀ ማንኮራፋት ተሰማ፤ ወጣ፣ አረፈ፣ እንደገና ወጣ። የቅኔው መምህር ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ይህኛውን ዜማ ለደቀ መዛሙርቱ አላስተማረም» አሉ፤ ጉርሻቸውንም ጎረሱ።